ሁለት ጥይት በአንድ በሬ

ባባ፣ የቤቱ ሽማግሌ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ልጁ ውጭ ቧንቧው አጠገብ እጁን ይታጠባል። የልጁ ሚስት፣ የሰባት ወር እርጉዝ፣ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች። የባባ ሚስት ማማ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ፣ ሠራተኛቸው፣ መክተፊያው ፊት ነኝ።

ዐረብ አገር፣ ሳምጣ ከተማ ዳር ባለ እርሻ ቤት ነው፤ ኅዳር 2006። እንደ እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሁሉ የሚታፈስበት ጊዜ ስለነበር፣ መኪና በተሰማኝ ቁጥር ቢላዬን አቁሜ መንገዱን አያለሁ።

በሬው ጠዋት ገመዱን በጥሶ ማሽላ ውስጥ ገብቶ አልያዝ አለ። ያመለጠ ከብት እነሱ ዘንድ እንደ አደን ነው፣ ተኩሰው ቢጥሉት ሥጋው ይበላል፤ አባትና ልጅ ቢስሚላህ ብለው ተኮሱ። የባባ ጥይት መዳብ የለበሰ እርሳስ ነበር፣ የልጁ ሁለንተናው መዳብ። የልጁን ከቆዳው ስር አገኘሁት፤ ጫፉ በአራት ተከፍቷል እንጂ ሙሉ ነው። አጥቤ ሰጠሁት።

«አዩ ባባ፣ ምኑም አልጎደለ። የእርስዎስ የት ገባ?» አለ ልጁ።

«በሬው ውስጥ ነዋ! ያንተ ጌጥ ነው፣ ለሚስትህ ጆሮ አድርግላት።»

«የእርስዎ የመታው በሬውን ሳይሆን ምሳችንን ነው።»

ሳቁ።

የባባ ጥይት የገባው በቀኝ ወርች ነው። ሥጋውን ስቆርጥ ቢላዬ ይንቋቋል። ሳህን ውስጥ ሳጥበው ግራጫ ፍርፋሪ ታች ዘቀጠ። ከቀዳዳው አንድ መዳፍ ርቄ ብቆርጥም አለ። እርሳስ ሰውነት ከገባ እንደማይወጣ፣ በተለይ ፅንስን እንደሚጎዳ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። በዚያ ቤት ደግሞ ወርች የእርጉዝ ድርሻ ነው፤ ይቺ ልጅ ዓምና አስወርዷታል።

«ማማ፣ ይሄ ለእሷ አይሆንም። እርሳስ አለበት።»

«ቀዳዳውን ዙሪያውን ቁረጪና፣ ያላ፣ ጣጂው።»

«ከቀዳዳው ርቆ ሄዷል።»

«ይጠበሳል እኮ!»

«በእሳት አይጠፋም።»

ልጁ እጁን እያራገፈ ገባ። እንደ አክስት «ኻላ» ነበር የሚለኝ። «ኻላ፣ ባባን አታሳፍሪ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ሐኪማችን!» አለች ማማ። «ኢቃማ የለሽ፣ መድረሻ የለሽ። ካልሠራሽ በሩ ያውልሽ።»

ሚስትየው ከመጋረጃው ሳትርቅ፣ «ልብላ ወይስ አልብላ?» አለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

በረኪናውን አነሳሁና ወርቹ ላይ እስከ መጨረሻው አፈሰስኩት። ሽታው ቤቱን ሞላው።

«ኸላስ! ውጪልኝ!» አለች ማማ።

አባያዬን ለበስኩ። ባባ ከበሩ ፈቀቅ አለልኝ፤ ወደ አቡ ዓሪሽ ከተማ በሚወስደው መንገድ ሄድኩ።