ቅዳሜ ትወድቃለች ያልኳት ድንጋይ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር ነው። ልጄ የእጅ ሰዓቴን ለመያዝ በተንጠራራች ቁጥር ትዝ ይለኛል። ያኔ የደነገጥኩትን ያህል ደንግጬ አላውቅም።

የምንኖረው ገርጂ ኮንዶሚኒየም ነው። ሰማይ ማየት የምንወድ ጥቂት ሰዎች በትርፍ ጊዜያችን ወደ ምድር የሚጠጉ የሰማይ ድንጋዮችን በቴሌስኮፕ ፎቶ እናነሳለን። የታዩበትን ቦታና ሰዓት መዝግበን ውጭ አገር ላሉ ባለሙያዎች እንልካለን። አንድ ደንብ አለን፤ ሁለት ሰው ሳያየው ምንም ነገር አይላክም።

ያን ሰሞን ሦስት አውቶቡስ የምታክል ድንጋይ እየተከታተልን ነበር። ሁለቱን ምሽት ጡረታ የወጡት ቀያሽ ጋሽ ደስታ መገናኛ ካለው ቤታቸው መዘገቡ። ሦስተኛውን እኔ ከፎቃችን ጣሪያ ላይ መዘገብኩ። ወርጄ ቁጥሮቹን በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባሁና መንገዷን አሰላሁ። ቅዳሜ ምድርን ትመታለች ይላል።

ደግሜ አሰላሁ፤ ያው ነው። የት እንደምትወድቅ አያሳይም፤ ለእኔ ግን የምትወድቀው እኛው ጣሪያ ላይ ነበር። ጋሽ ደስታ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

ባለቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። «ስሟን መቼ ነው የምትነግረኝ?» አለችኝ። ሴት መሆኗን ካወቅን ጀምሮ ስም ማውጣቱን ለእኔ ትታልኝ፣ እኔ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆይቼ በመጨረሻ ቅዳሜ እነግርሻለሁ ብያት ነበር። እጇን ይዤ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ጠዋት ወደ ጋሽ ደስታ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ስለ ሽንኩርት መወደድ ታማርራለች። «ኧረ እህቴ፣ ቅዳሜ እኮ…» ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ። ልጄ ስም እንኳ ሳይኖራት ልትሄድ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

ጋሽ ደስታ መነጽራቸውን አድርገው ማስታወሻዬን አገላበጡ።

«ሰዓቱን ከምን አይተህ ነው የጻፍከው?»

«ከእጅ ሰዓቴ ነዋ ጋሼ። ሁለት ሰዓት ከአስር።»

«በሐበሻ?»

በሐበሻ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአስር ያልኩትን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከአስር አድርጎ ቆጥሮ፣ የድንጋይዋን መንገድ አጣሞ ወደ እኛ አመጣት። ጋሽ ደስታ ሁለቱን አጥፍተው ሃያ ብለው ጻፉ። እንደገና ሲሰላ ድንጋይዋ ምድርን በሩቁ አልፋ ሄደች።

«አንተ ልጅ፣ በእጅ ሰዓትህ አገር ልታጠፋ ነበር እኮ!» ብለው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በራቸው ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ደወልኩላትና «ሕይወት እንበላት» አልኳት።

«ድምፅህ ምን ሆኗል? አልቅሰሃል እንዴ?»

«ኧረ ጉንፋን ነው።»

አሁን ጣሪያ የምወጣው በፈረንጅ የሚቆጥር ሌላ ሰዓት አስሬ ነው። ስህተት እንደነበር አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ሲሆን ሕይወት እስክትነቃ አልጋዋ አጠገብ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ይህን ካነበበች፣ ጉንፋን እንዳልነበረ ዛሬ ታውቃለች።