የወረቀት ዘውድ የደፉት ሴትዮ

ለእንግሊዝ ንግሥት የዘውድ ኢዮቤልዩ የተሰናዳውን ኮንሰርት ግሪምስቢ ከተማ ባለችው መጠጥ ቤታችን በቴሌቪዥን ልናይ ተሰብስበን ሳለ፣ አንዲት የማናውቃቸው ሴትዮ ገብተው ከፊት ወንበር ያዙ። ሰባውን አልፈዋል። የዝናብ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የወረቀት ዘውድ ደፍተው፣ ዘፋኞቹን በየተራ ይቦጭቋቸው ጀመር።

"ይሄኛው ደግሞ ጥርሱን ያመዋል እንዴ?" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"እማማ፣ ቀስ ይበሉ፤ ቤተ መንግሥት ድረስ ይሰማል!" አላቸው አሳላፊው ዴሪክ።

"ይሰማ! እነሱስ ጆሮ የላቸውም?"

እኔ ግን ዓይኔ ጣታቸው ላይ ነበር። አፋቸው ሲቀልድ ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ከበሮውን አንዴም ሳይስት ይከተላል። ከንፈራቸውም የሚንቀሳቀሰው ከዘፋኞቹ ጋር ሳይሆን ከኋላ ቆመው በድምፅ ከሚያጅቧቸው ጋር ነው።

በመጨረሻ አንዲት ስመ ጥር አንጋፋ ዘፋኝ ወጣች። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከዳት። ሁላችንም "ውይ!" አልን። ሴትዮዋ ብድግ አሉና ዜማውን ከተቋረጠበት አነሡት። ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣና እስኪያልቅ ሳይሰበር ዘለቀ።

ከዚያ ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ቢራ ተደፋ፣ ዴሪክ ባንኮኒውን ዘሎ መጥቶ ጉንጫቸውን ሳማቸው።

"እስከ ዛሬ የት ነበሩ፣ እማማ?"

"ከሷ ኋላ ነዋ!" አሉ ወደ ቴሌቪዥኑ እያመለከቱ። "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ያቺን ከፍ የምትል ቦታ ድሮም እኔ ነበርኩ የምዘፍንላት።"