የሚካን ቆዳ ያጣጣልኩ ዕለት

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ቀበሮ ላይ እፍ ማለት ነበር።

ለንደን፣ ሆሎዌይ መንገድ ላይ፣ ከአንድ የፍራሽ ሱቅ ጀርባ፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት ምድር ቤት አለ። አርባ ነጭ የቀበሮ ቆዳ እንደ ካልሲ ተሰቅሎ ጠበቀኝ። አለቃዬ ሚስተር ሃሮልድ አንዱን አውርደው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና እፍ በል አሉኝ። እፍ አልኩ። ጠጉሩ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ እስከ ምሳ ሰዓት ሲያስነጥሰኝ ዋለ። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው በመጀመሪያ ቀኑ አርባ ቀበሮ አስነጥሶ ጨረሰ።

እፍ ማለቱ ቀልድ አይደለም። ጠጉሩ ሲከፈል ከሥር ያለው ልስልስ ጠጉር ይታያል። ጥቅጥቅ ካለ እንስሳው የተያዘው በደህናው ክረምት ነው፤ ከሳሳ አዳኙ ቸኩሏል። ቀጥሎ ቆዳው ይገለበጣል። ነጣ ያለው አንደኛ ደረጃ፣ ሰማያዊ ቢጤው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው። የተበሳው፣ የተመለጠውና ስብ የቀረበት ውዳቂ ይባላል። ሚስተር ሃሮልድ እኔንም ሲቀጥሩኝ እንደዚያው አገላብጠው ካዩኝ በኋላ «ሁለተኛ ደረጃ፣ ግን ይሠራል» ብለዋል።

ከዚያ በፊት ያላግባብ በቆመ መኪና ላይ ቅጣት የምጽፍ ፓርኪንግ አቴንዳንት ነበርኩ። በለንደን ከእኔ የበለጠ የተሰደበ ሐበሻ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ጊዜው ከምርጫ 97 በኋላ ነው፤ ያኔ እዚህ ከተማ ሁለት ሐበሻ ከተገናኘ ሦስት ፓርቲ ይሆን ነበር። እኔ ግን ያለ ፓርቲ፣ በሁሉም ዘር፣ በሁሉም ቋንቋ እሰደብ ነበር።

አንድ ቀን የሚስተር ሃሮልድ ቫን መኪና ማቆም በተከለከለበት ድርብ ቢጫ መስመር ላይ ቆማ፣ የኋላ በሯ ተከፍቶ አገኘኋት። ትኬት እየጻፍኩ ወደ ውስጥ አየሁ፤ ቆዳ ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ፣ ቆዳና ሌጦ መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ደረጃ መዳቢ ሆኜ ሠርቻለሁ። እጄ እኔን ሳያስፈቅድ ገባ። ባለቤቱ ሲመጡ «ይሄኛው ስቡ በደንብ አልተፋቀም» አልኳቸው። እሳቸውም በጣታቸው ዳሰሱትና ሰኞ ና አሉኝ። ትኬቱን ግን ለጠፍኩባቸው። አንዴ ተጽፎ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሰሜን ተቀምጠው ለሚስተር ሃሮልድ ቆዳ የሚገዙት ሰው ጡረታ ወጡ። ሰሜን ስል በርሚንግሃም እንዳይመስላችሁ። ካናዳ፣ ከበረዶው አገር፣ የኢኑይት ሕዝብ የሚኖርበት መንደር ነው። እዚያ የሚገዛው በብዛት የአቆስጣ ቆዳ ነበር። አቆስጣ የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያን ሰምታችሁት ይሆናል፤ በኦሪት የመገናኛው ድንኳን የተሸፈነበት ቁርበት ነው። ጢም ያለው፣ ወፍራም፣ በረዶ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ የሚሞቅ የባሕር እንስሳ። አንዳንድ ሰው እኔን ይመስላል ይላል።

ሚስተር ሃሮልድ ነገሩን በግልጽ አስቀመጡት። ከፋሲካ እስከ ሰኔ መጨረሻ በጡረተኛው ገዥ ቦታ አንድ ወቅት እሞክራለሁ። ስድሳ አንደኛ ደረጃ ቆዳ ከመጣ እዚያ ያለው የቆዳ መግዣ ጣቢያ ይቀጥላል። ካልመጣ ጣቢያውም ይዘጋል፣ ሆሎዌይ ያለው የእኔ ጠረጴዛም አብሮ ይነሳል።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያ ወደ ቢጫው መስመርህ ትመለሳለህ።»

ባለቤቴ አልማዝ ወሬውን ስትሰማ «አንተ ሰውዬ፣ አርችዌይ ዳገት ላይ በረዶ በጣለ ቁጥር በመቀመጫህ ነው የምትወርደው። እዚያ ቆመህ ልትሄድ ነው?» አለች። በሦስት አውሮፕላን ሄድኩ፤ ከሦስተኛውም የወረድኩት በመቀመጫዬ ነው።

ሱቄ የመርከብ ኮንቴይነር ነበር። አንድ ምድጃ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሰው። መንደሩ ውስጥ ዛፍ የሚባል ነገር የለም፤ ከግንቦት በኋላ ፀሐይም መጥለቅ ትረሳለች። ሰዎቹን ግን ወዲያው ወደድኳቸው። አዎ ለማለት ቅንድባቸውን ብድግ ያደርጋሉ፤ ልክ እንደኛ። ሚስተር ሃሮልድ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅንድቤን ባነሳሁላቸው ቁጥር «ሰምተኸኛል ወይ?» ሲሉኝ ኖረዋል። እዚህ ግን በመጀመሪያው ቀን ተግባባን። አይደለም ለማለት አፍንጫ ይሸበሸባል። ይሄንንም ቶሎ ተማርኩ፤ ብዙ ጊዜ ተሸብሽቦልኛል።

የመጀመሪያዋ ሻጭ ሚካ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ሰባ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ በልቤ አንቱ የምላቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። የመንደሩን ሱቅ የምትጠብቀው ልጃቸው ሊቲያ ታስተረጉም ነበር። ስምንት የአቆስጣ ቆዳ በሸርተቴ ጎትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

እንግዲህ እኔ መርካቶ ያደግኩ ገዥ ነኝ። መርካቶ ውስጥ ዕቃ የወደደ ሰው ፊቱን ያከፋል። ሳያጣጥል የገዛ ሞኝ ይባላል። ሻጩም ያውቃል፤ በልጆቹ ይምላል፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ገዥው ይጠራዋል፣ ይመለሳል፣ በመጨረሻ ሻይ አብረው ይጠጣሉ። ስለዚህ የላይኛውን ቆዳ ብድግ አድርጌ ወደ መብራቱ ያዝኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ቆዳ አላየሁም። በንቀት ምላሴን ጠቅ አደረግኩና፣

«ይሄን ማን ፋቀው? ድመት ነው?» አልኩ።

ሊቲያ ትንሽ ዘግይታ አስተረጎመች። ሚካ አልተቆጡም። ፈገግ አሉ። ስምንቱን ቆዳ በቀስታ አጠፉ፣ አሰሩ፣ ሸርተቴው ላይ ጫኑና ወጡ። እኔም በር ላይ ቆሜ ስንት እርምጃ ሄደው እንደሚመለሱ ቆጠርኩ። መርካቶ ከሃያ አያልፍም። መቶ ሃያ ላይ ቤታቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ሰላምታው አልጎደለም፤ እንዲያውም ዓሣ ይሰጡኝ ነበር። ቆዳ ግን የለም። ሚስተር ሃሮልድ ስንት ሆነ ብለው ሲደውሉ በመምጣት ላይ ነው እላቸው ነበር። ውሸት አይደለም፤ ገና ባሕር ውስጥ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ስነሳ ኮንቴይነሬ በር ላይ የድመት ሥዕል ተለጥፏል። ከኮምፒውተር የታተመ፣ ብርቱካናማ ድመት። እናንተ የለንደን ሰዎች ትፈርዱኛላችሁ፤ አርችዌይ ውስጥ የጠፋ ድመት ያልተለጠፈበት የመብራት ምሰሶ አለ? የአንድ ምስኪን ሰው ድመት ጠፍታበታለች አልኩ። አዘንኩ። ፈልጌ ካገኘሁ ሰው ይወደኛል ብዬም አሰብኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ድመት ፈለግኩ። ሥዕሉን ይዤ ቤት ለቤት አንኳኳሁ። ጀልባ ሥር እየተንበረከኩ ፑስ ፑስ አልኩ። የበረዶ ሸርተቴ የሚጎትቱት ውሾች ጉድ ብለው አዩኝ። በር የሚከፍቱልኝ ሰዎች ሥዕሉን ያዩና ጓንታቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ በሐዘን ነው ብዬ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሊቲያ አላስችል ብሏት ወደ ሱቋ ጠራችኝ። መንደሩ ውስጥ ድመት ኖሮ እንደማያውቅ ነገረችኝ። ቀጥላም ያላወቅኩትን ነገረችኝ። አቆስጣውን የሚያድነው ወንዱ ነው፤ ቆዳው ግን የሴቷ ነው። ስቡን የምትፍቀው፣ የምታጥበው፣ መወጠሪያ ላይ ወጥራ በነፋስ የምታደርቀው እሷ ናት፤ አንዱ ቆዳ የቀናት ሥራ ነው። ሚካ ደግሞ መንደሩን ሁሉ ያስተማሩ ናቸው።

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«እኛ አንቆጣም» አለች ሊቲያ። «እስኪገባህ እንስቅብሃለን።»

በሱቁ ስልክ አልማዝን ደወልኩላት። ያልኩትን ነገርኳት።

«ድመት አልካቸው?»

«አዎ።»

«የእኔን ሹራብ እንደዚያ ብትለው አንተኑ ተርትሬ ሹራብ እሠራብህ ነበር። በል አሁን ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ።»

ድምጿ እስከ ዱቄት መደርደሪያው ይሰማ ነበር። ገበያተኛው ሁሉ አማርኛ ሳያውቅ ገባው።

ሄድኩ። ሚካ ቤት ስድስት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ቆዳ ይሰፋሉ። ይቅርታዬን ሊቲያ አስተረጎመች። ሚካ ምንም ሳይሉ አንድ እርጥብ የአቆስጣ ቆዳ ከነስቡ ፊቴ ዘረጉና ኡሉ ሰጡኝ። ኡሉ እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ የሴቶች ቢላ ነው። ፋቅ ማለታቸው ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆዳና ሌጦ፣ ሁለት ዓመት ሆሎዌይ፣ ቆዳ ፍቄ አላውቅም ነበር። ሌላ ሰው የፋቀውን ነበር የማጣጥለው።

ሦስት ሰዓት ፋቅኩ። ስቡ ጫማዬ ውስጥ ገባ። ቆዳው አራት ቦታ ተበሳ፤ አንዱ ቀዳዳ ጭንቅላቴን ያሳልፋል። ስጨርስ ሚካ ብድግ አድርገው ወደ መስኮቱ ያዙት። ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። እፍ አሉበት። በቀዳዳው በኩል አዩኝ። ሊቲያ ሳቋ እያነቃት አስተረጎመች።

«ይሄን ማን ፋቀው? ድመት ነው እንዳልል ድመት ያዝንብኛል።»

ቤቱ ተናጋ። እኔም ሳቄ መጣ፣ ግን መርካቶ መርካቶ ነው፤ ፊቴን አኮሳተርኩ፣ በአማርኛ በልጆቼ ማልኩ፣ ቀዳዳ ቆዳዬን ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ተነሳሁ። እንደተከፋ ሻጭ ወደ በሩ ሄድኩ። አምስት እርምጃ ሳልራመድ ሚካ ጠሩኝ። ማንም ሳያስተምራቸው። ተመለስኩ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው መሬት ላይ ተንከባለለ።

ጥሬ የአቆስጣ ጉበት ቀረበ። ከእኔ በፊት የነበሩት ገዥ ሃያ ዓመት ሙሉ አልቀመሱም አሉ። ጥሬ ሥጋ ለሐበሻ! ከኪሴ ሚጥሚጣ አወጣሁ። ሚካ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ፤ እንባቸው ወረደ፣ አፍንጫቸው ተሸበሸበ፣ ትንሽ ቆዩና ቅንድባቸው ብድግ አለ። ጨምር ማለት ነው።

ከምግብ በኋላ ሚካ ቅድመ ሁኔታቸውን አስቀመጡ። ቆዳ እንሸጣለን፤ ነገር ግን ደረጃውን የምትናገረው የፋቀችው ሴት ናት፤ መለያ ወረቀቱ ላይም ስሟ ይጻፍ። የትኛው ሻጭ ነው የራሱን ዕቃ ሁለተኛ ደረጃ የሚል? ሁሉም አንደኛ ብለው ልከው፣ ሚስተር ሃሮልድን በሆሎዌይ ምድር ቤት ንዴት ሲያንቀጠቅጣቸው ታየኝ። ምርጫ ግን አልነበረኝም። ቅንድቤን አነሳሁ።

በማግሥቱ ስምንቱ ቆዳ ተመልሶ መጣ። ሚካ አራቱን አንደኛ አሉ። ሦስቱን ሁለተኛ። አንዱን ሦስተኛ አድርገው የቢላዋ ጭረት አሳዩኝ፤ «ቸኩዬ ነበር» አሉ። እኔ ሁለተኛ ካሏቸው አንዱን አንሥቼ ይሄ አንደኛ ነው ብዬ ተከራከርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዥ ሆኜ ዋጋ ከፍ ይበል እያልኩ ተሟገትኩ። አፍንጫቸው ተሸበሸበ።

ሌሎቹም ሴቶች እንደዚያው ናቸው። ሰኔ ሲያልቅ ሰባ ሁለት ቆዳ ነበረኝ፤ አንደኛ ደረጃው አርባ አንድ ብቻ። የተጠየቅኩት ስድሳ ነው። ቦንዳውን ከማሰሬ በፊት ብዕር አንሥቼ ሁለተኛ የሚለውን አንደኛ ማድረግ አስቤ ነበር። መዋሸት አያውቅም እንዳትሉኝ፤ «በመምጣት ላይ ነው» ያልኩት እኔው ነኝ። ግን እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የሴት ስም አለ። በራሴ ስም ብዙ ዋሽቻለሁ። በሚካ ስም እጄ አልሄደም።

ቦንዳው ሄደ። ሻንጣዬን ሸክፌ፣ የፓርኪንግ ኮፍያዬ አሁንም ይበቃኝ ይሆን እያልኩ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። በመጨረሻ ሊቲያ ስልክ ብላ ጠራችኝ። ሚስተር ሃሮልድ ናቸው።

«አርባ አንድ አንደኛ ነው የጻፍከው።»

«አዎ።»

«እኔ አንድ በአንድ አየሁት። አርባ አራት ነው። ሦስቱን ማን ዝቅ አደረጋቸው?»

«የፋቁት ሴቶች።»

በአፍንጫቸው ሲተነፍሱ እሰማለሁ፤ ጠጉር ገብቶባቸው ይሆናል። ሴቶቹ ከእኔ ይልቅ ይጠነቀቃሉ፤ ከእንግዲህ የሚመጣውን ቦንዳ መልሼ አልመድብም፣ እዚህም የአንድ ሰው ደሞዝ ይተርፍልኛል አሉ። ስድሳውን አላነሱትም።

«ሻንጣህን ፍታ» ብለው ዘጉት።

ሰባት ክረምት ተቀመጥኩ። አልማዝ በየበጋው እየመጣች ከሚካ ጋር እኔን ስታማ ትከርም ነበር፤ በምን ቋንቋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በኋላ አውሮፓ የአቆስጣ ንግድ ላይ ሕጉን አጠበቀች፣ ገበያው ቀዘቀዘ፣ ጣቢያውም ተዘጋ። ሆሎዌይ ተመልሼ ሰዎች ከአያቶቻቸው የወረሱትን የጠጉር ካፖርት ስጠግን ቆየሁና ጡረታ ወጣሁ።

እዚህ ሙያ ውስጥ ለምትገቡ የምለው አንድ ነው። ቆዳ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ የፋቀውን ሰው ስም ጻፉ። ደረጃውን ቀጥሎ።