የአባቴ መኪና ፍሬን

የአባቴ አሮጌ የፈረንሳይ መኪና ፍሬኑ ሲላላ፣ ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈራችን፣ ደጃችን ላይ፣ እሱ ከመኪናዋ ስር ይተኛል፤ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ ፔዳሉን እረግጣለሁ። «ያዢ!» ሲል እይዛለሁ። ቡሎኑን ፈትቶ ዘይቱን ከነአረፋው ካፈሰሰ በኋላ መልሶ ያጠብቅና «ልቀቂ፣ የኔ እመቤት» ይለኛል። ከመኪናዋ ስር ሆኖ እንጂ ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም።

እሱ ከሞተ በኋላ ፍሬኑ ሲላላብኝ መኪናዋን ባልባላ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። እንደ ልማዴ መሪው ጋ ተቀመጥኩ።

«ውረጂ እህቴ፤ አየሩን በማሽን ነው የምስበው፣ ሰው አያስፈልገኝም» አለኝ ሜካኒኩ።

«አልወርድም!» ብዬ ጮኽኩበት። ብቀመጥ ምን ቸገረው? ማሽኑ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ከስር የሚጠራኝን ድምፅ ጠበቅሁ።