ሁለት ቀኝ እጅጌ

አባቴን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ለወጉ ያህል እንጂ ሰው ገና ከበር ሲገባ በዓይኑ ለክቶ ይጨርሳል። «ከባለፈው ወፈር ብለሃል፤ ወገቡን ለቀቅ ላድርግልህ» እያለ ስንቱን አስቋል፣ ስንቱን አስኮርፏል።

ባለፈው ሳምንት ግን ለአንድ ደንበኛ ኮት ሰፍቶ ሁለቱንም እጅጌ የቀኝ አደረገው። ሰውዬው ሲለብሰው ግራ ክንዱ ወደ ኋላ ተጠማዘዘበት። አባቴ «ቀጥ ብለህ ቁም እንጂ» አለው። ኮቱን ተቀብዬ ጓዳ ገባሁና ስፌቱን ተረተርኩት።

«አባዬ፣ ግፊትህን ይለኩህ» ብዬ አታልዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። የጤና መኮንኑ ትሁት ልጅ ነው፤ ከበሩ ውጭ ግን ወረፋው ተኮልኩሎ ይጠብቀዋል።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ቀን አይጠየቅም። የኛ ቀን ሁሌ ነገ ነው።»

መኮንኑ ከት ብሎ ሳቀ። «እርስዎ ከኔም ይሻላሉ።»

የወለደኝን ሰው፣ እዚያው ፊቱ ተቀምጬ፣ እንዴት ገመናውን ላውጣ? ዝም ብልስ ማን ይናገርለታል? ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ የኮቱን ነገር ተናገርኩ።

«ዕድሜ ልኬን ሰፍቼ አንድ ቀን ብሳሳት አሳበቀችብኝ» አለ አባቴ፣ መኮንኑን ጠቀስ አድርጎ።

«ማን የማይሳሳት አለ እህቴ? እርጅና ነው፤ አታጨናንቂያቸው።» ቫይታሚን ጻፈልን። ቀጣዩ በሽተኛም በሩን ገፍቶ ገባ። ማንን ልቆጣ? መኮንኑ ያየው ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ነው። እኔም የማውቀው እሱን ነበር።

መድኃኒቱ እስኪሰጠን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አባቴ ትከሻዬን ትክ ብሎ አየና ሹራቤን ጎተት አድርጎ አስተካከለልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። ግራ ትከሻዬ ዝቅ ስለሚል ልብሴን ሁሉ እዚያ ጋ ጨርቅ ደርቦ ነው የሚሰፋልኝ። ይቅር ያለኝ መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ግራሽ ትንሽ ዝቅ ይላል» አለኝ፣ ደንበኛ በሚያናግርበት ድምፅ። «አይዞሽ፣ ይስተካከላል። የኔም ልጅ ልክ እንዳንቺ ናት። አሁን ልትወስደኝ ትመጣለች፤ ስትመጣ አሳይሻለሁ።»

የመኮንኑ በር ተዘግቷል። «እሺ» አልኩትና አብሬው ልጁን ጠበቅኩ።