የሐያት አበባ ለምን ተጣመመ

የመጀመሪያው ምልክት የጉሮሮ ሕመም ነበር። ነገሩን በቅደም ተከተል የምጽፈው፣ ያኔ ቅደም ተከተሉን ስላላየሁት ነው።

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ዓርብ ዓርብ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ሐያት የዘጠኝ ዓመት ተማሪዬ ናት። እናቷ ዘይነባ የወሎ ሰው ናት፤ ዐማራት በሚባል የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ሰኔ ላይ ሐያት አተኮሳት፤ መዋጥም አቃታት።

«እህቴ፣ ምን ይሻላል?» አለችኝ ዘይነባ።

የልጅቷን አፍ ከፍቼ አየሁና «እንጥሏ ወርዶ ነው» አልኳት። ጀብራ ሰፈር ውስጥ እንጥል የምታነሣ ሴት ስለማውቅ ራሴ ወሰድኳቸው። ሴትዮዋ ጣቷን ጨው አስነክታ እንጥሏን ወደ ላይ ገፋችው። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። ዳነች ብዬ የሴትዮዋን ቤት ለሌሎች እናቶችም ጠቆምኩ።

ነሐሴ ላይ የእንቁጣጣሽ ካርድ መሥራት ጀመርን። ልጆቹ አበባ ሥለው፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ጽፈው ለጎረቤት ያድላሉ። ደንቡን ሰሌዳ ላይ ጽፌላቸዋለሁ፤ ወረቀቱ እኩል ይታጠፋል፣ ግንዱ ቀጥ ይላል፣ ቀለም ከመስመር አይወጣም። በሥዕል ከሁሉም የምትበልጠው ሐያት ነበረች። አንድ ዓርብ ግን የአደይ አበባዋ ግንድ እንደ እባብ ተጠማዘዘ። ቀለሙን ደፋችው። ፊቷ ይቅበጠበጣል፤ የምታሾፍብኝ መሰለኝ።

«ኡስታዛ፣ የሐያትን አበባ ረክሻ ገጭቶታል!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፤ ረክሻ የሚሉት ባጃጅን ነው። ክፍሉ ሳቀ።

«እጄ እምቢ አለኝ» አለች ሐያት።

«እጅ እምቢ አይልም» አልኳት። «እምቢ የሚለው ባለቤቱ ነው።»

ካርዱን በልጆቹ ፊት ቀደድኩት። እንደገና አሠራኋት። አራት ጊዜ።

በሳምንቱ ማንኪያ መያዝ አቃታት። አንደበቷ ተሳሰረ። ስትራመድ ወደቀች። ዘይነባ የመኖሪያ ፈቃድ ስለሌላት ሆስፒታል ትፈራለች። ያን ዕለት ግን አልፈራችም። ረክሻ ይዘን ሄድን።

ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት። ሁለት ጣቶቿን ለሐያት አስጨበጠቻት። ትንሿ እጅ ጨበጠች። ለቀቀች። ጨበጠች። ለቀቀች።

«ሲደንሃም ኮሪያ ይባላል፤ በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም በኋላ ከሚነሣውና ልብንም ከሚጎዳው ከሩማቲክ ፊቨር የሚመጣ ነው» አለች ሐኪሟ፣ እንድንረዳት ዐረብኛዋን ቀስ አድርጋ። «እጇን የምታዘው እሷ አይደለችም። ከወራት በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር? ያኔ ምን አደረጋችሁ?»

ዘይነባ ወደ እኔ ዞረች። ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ። ጀብራ የወሰድኳቸው እኔ መሆኔን ብቻ ተናገርኩ።

ልቧ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ታየ። ከልቧ በሮች አንዱ፣ ሚትራል ቫልቩ፣ ተጎድቷል።

«እጇ ይድናል» አለች ሐኪሟ። «ለልቧ ግን ቃል አልገባም።»

እጇ በእርግጥ ቀስ በቀስ ዳነ፤ መጀመሪያ ማንኪያ፣ ከዚያ እርሳስ፣ በመጨረሻም የሸሚዟን ቁልፍ ለመቆለፍ በቃች፤ እኔም በየአራት ሳምንቱ ሕመሙ እንዳይመለስ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ስትወጋ፣ እናቷ ከሥራ መውጣት ስለማትችል፣ አብሬያት እሄዳለሁ። መርፌው ለዓመታት ይቀጥላል። ልቧ ግን እንደተጎዳ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ታርፋለች።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። ዘይነባንም አመሰግናለሁ፤ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፣ ይህም ከወቀሳ ይከብደኛል። በዚህ ሕመም ላላችሁ የምመክረው ይህን ነው፤ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ለሐኪም ይታይ እንጂ እንጥል ለሚያነሣ ሰው አይሰጥ። ትኩሳቱ ስለለቀቀ በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም። መርፌውን፣ ልጁ ደኅና ቢመስልም፣ አታቋርጡ። አስተማሪዎች ደግሞ፣ ጎበዝ ልጅ ድንገት ሥራው ከተበላሸ ከመቆጣታችሁ በፊት እጁን ያዙት።

ዘንድሮም ካርድ ሠራን። የሐያት ግንድ ቀጥ ያለ ነው፤ ቀለሙም ከመስመር አልወጣም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ኡስታዛ፣ ካልወደድሽው አንቺ አትቅደጂው» አለችኝ። «ራሴ እቀደዋለሁ።»