በኢሜይሌ የተመዘገበችው ፈቲያ

ዛሬ አንድ የሥራ ዌብሳይት ላይ ልመዘገብ ኢሜይሌን ሳስገባ «በዚህ ኢሜይል የተመዘገበ ሰው አለ» አለኝ። እኔ ግን እዚያ ገብቼ አላውቅም።

የተጠለፍኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። የጅማ ኔትወርክ እንኳን ለጠላፊ ለባለቤቱም በቅጡ አይሠራም።

የይለፍ ቃሉን ቀይሬ ስገባ፣ ስሙ ፈቲያ ይላል። የጎረቤታችን የእትዬ ዘሃራ ልጅ ናት፣ ዘንድሮ ነው የተመረቀችው። ኢሜይሌን ሲቪዋን ሳስተካክልላት አይታው ይሆናል።

ውስጥ ያልተከፈተ መልእክት አለ። ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ ለፈተና እንድትቀርብ ይላል። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ሮጬ ሄድኩ። ፈቲያ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወጥታለች፣ እናትየው በር ላይ ተቀበሉኝ። ነገሩን ነግሬያቸው፣ «ግን ሳታስፈቅዱኝ እንዴት በእኔ ኢሜይል?» አልኩ። ትንሽ ተቆጥቼም ነበር።

እትዬ ዘሃራ ግራ ገባቸው። «አድራሻ ሲሏት ያንተን ሰጠቻ። እኛ መቼ የራሳችን ኖሮን ያውቃል? ሳዑዲ ያለችው እህቴ ስትጽፍልኝ የኖረችው በአባትህ ፖስታ ሳጥን አይደል እንዴ? ወላሂ፣ እናንተ ቤት ደርሶ የቀረ ደብዳቤ የለም።»

አባቴ ከሥራ ሲመለስ የሰፈሩን ደብዳቤ በኮቱ ኪስ ይዞ በየቤቱ ሲያደርስ ታየኝ። «ሳታስፈቅዱኝ» ሲል አንድም ቀን አልሰማሁም።

ፈቲያ ነገ ማለዳ ትሳፈራለች። የራሷን ኢሜይልም ከፍተናል።

እናንተስ፣ በኢሜይላችሁ ማን ማን ተመዝግቧል? እስቲ ገብታችሁ እዩና ንገሩኝ። የሰው መልእክት ይዛችሁ እንዳትቀመጡ።